ቀይ ቀለም የተቀባው ጣሳ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ በየቀበሌው የኪነት ቡድን በሚቋቋምበት ጊዜ፣ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት በምትባልበት ወቅት ነው። ዛሬም ሳስታውሰው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ አንገቴን ያስደፋኛል። የሚያስቀውን ላስቀድም።

ያኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ትሕትና አላበዛም፤ ሌላው ሠሪ "ይሄ አልቆለታል" ብሎ የመለሰው ሬዲዮ እኔ ጋ ሲመጣ አፉን ይፈታ ነበር። ከሞጆና ከመቂ ድረስ ሬዲዮ በነጠላ ጠቅልለው የሚያመጡልኝ ደንበኞች ነበሩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የቀበሌያችን ኪነት ጊታር ተጫዋች ቶሎሳ ጊታሩን ታቅፎ ሱቄ ገባ። ፊቱ ከለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ፊት ነው።

"አከም ጅርታ፣ ወንድሜ። አምፕሊፋየሩ ተቃጠለ። ቅዳሜ ውድድር አለብን" አለኝ።

የቀበሌው አዳራሽ ሄጄ አየሁት። መብራቱ ሲበዛና ሲያንስ ሰንብቶ ውስጡን አክስሎታል። መለዋወጫው ደግሞ በዚያ ጊዜ በምኞት ካልሆነ አይገኝም። አዳራሹ ውስጥ የቀረው የስብሰባ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። እሱ ለንግግር እንጂ ለጊታር አልተሠራም። ቶሎሳ ጊታሩን በቀጥታ ማይክሮፎን በሚሰካበት ቀዳዳ አስገብቶ ሲመታው፣ ድምፁ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጠጠር እንደሚበተን ሆነ። ልምምድ ላይ የነበሩት የኪነቱ ዘማሪዎች ጆሯቸውን ያዙ።

"እስከ ሐሙስ ስጠኝ" አልኩት።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጊታሩና የስብሰባ ማጉያው መሐል የምትገባ አንዲት ትንሽ መሣሪያ እሠራለሁ። የጊታሩን ድምፅ ተቀብላ፣ የሚቧጥጠውን ስስ ድምፅ አስቀርታ፣ ትንሽ አሙቃና አወፍራ ወደ ማጉያው ትልከዋለች። የሚሰማው ሰው አምፕሊፋየር ያለ ይመስለዋል። ከሞቱ ሬዲዮዎች ትራንዚስተር ነቀልኩ፤ በካውያዬ በየድኩ፤ አልሆን ሲለኝ አፈረስኩና እንደገና በየድኩ። ሦስተኛው ላይ ሆነልኝ። በሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትሠራዋን ነገር በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ጥርቅም አደረግኩት። ሐሙስ ቶሎሳ ሱቄ ውስጥ ሲሞክራት ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ። ሲጨርስ ግንባሬን ሳመኝ።

ጣሳዋን ይዞ ሄደ። አርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ስደርስ ግን ጣሳዬ ጣሳዬ አልመሰለችኝም። ከላይ እስከ ታች ቀይ ቀለም ተቀብታለች። ክዳኗ ላይ መዶሻና ማጭድ በቢጫ ተስሎባታል። የወጣት ማኅበሩ "ራቁቱን ጣሳ ይዘን መድረክ አንወጣም" ብሎ ለብዙነሽ ሰጥቷታል። ብዙነሽ የቀበሌውን መፈክር በየግድግዳው የምትጽፍ ልጅ ናት። እጇ ወርቅ ነው፤ የቀባችው ነገር ሁሉ ያምራል። እኔም ጣሳዬን ሳይ ደስ አለኝ።

ቶሎሳ ሰካና ክሩን ነካ አደረገ። በዚህ ጊዜ ከድምፅ ማጉያው ሰው ተናገረ።

እውነቴን ነው። አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ በአፍንጫው እየተነፋነፈ፣ እየተንቀጠቀጠ ስለ ገበሬዎች የምርት ዘመቻ ዜና ያነባል። ቶሎሳ ክሩን በጫነ ቁጥር ዜና አንባቢው የታነቀ ያህል ያቃስታል። ዘማሪዎቹ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ።

ሳቁ ሳያልቅ የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሟል። አጠገቡ መሣሪያ የያዘ የአብዮት ጥበቃ አለ።

"በማን ላይ ነው የምትስቁት?" አለ።

ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ዜናው ግን አላቆመም። ሊቀመንበሩ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጣሳዋን አየ።

"ይህን የሠራው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሬዲዮ ነው?"

"አይደለም። የጊታር መሣሪያ ነው።"

"ጊታር ዜና ያነባል እንዴ? መገናኛ ሬዲዮ ደብቀህበት እንዳይሆን!"

ያን ዘመን የኖረ ሰው "መገናኛ" የምትለው ቃል ምን እንደምታስከትል ያውቃታል። ሰው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተገኘ ከተባለ የት እንደደረሰ የሚጠይቅለት አይገኝም። ቢሆንም በሥራዬ እተማመን ነበርና "አምስት ደቂቃ ስጠኝ፤ ዜናውን አጠፋልሃለሁ፤ ካቃተኝ የፈለግከውን አድርገኝ" አልኩት። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ።

ባትሪውን ነካሁ፤ ደህና ነው። ገመዱን ቀየርኩ፤ ዜናው አለ። ክዳኑን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ግን ድምፁ ደከመ፤ ስለቀው ተመልሶ መጣ። ክዳኑን ከፈትኩና አየሁት። ብዙነሽ ለሥራዋ ታማኝ ናትና ውጭውን ብቻ ሳይሆን ክዳኑ የሚገጥምበትን የጣሳውን ከንፈር፣ የክዳኑንም ጠርዝ ሳይቀር አንድ በአንድ ቀብታዋለች።

ነገሩ ገባኝ። አየር ላይ የሚንከራተተው የሬዲዮ ሞገድ እንዳይገባ ክዳኑና ጣሳው ብረት ለብረት መነካካት አለባቸው። አሁን መሐላቸው ቀለም ገብቷል። በዚያ በኩል ሬዲዮው ሰተት ብሎ ገብቶ ጊታራችን ላይ ተቀምጧል።

በደስታ ቀና ብዬ "አገኘሁት! ቀዩ ቀለም ነው ያበላሸው፤ መፋቅ አለበት" አልኩ።

ከአፌ እንደወጣ፣ ቀይ የአብዮቱ ቀለም መሆኑ ትዝ አለኝ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን አጥብቦ "ምን አልክ? ቀዩ ቀለም ነው ያበላሸው?" አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። የአብዮት ጥበቃው አንድ እርምጃ ቀረበ።

እኔ ለማንም መልስ የማላጣው ሰው ምላሴ ተሳሰረ። ስለ ቀለም እንጂ ስለ ሌላ አልተናገርኩም ልል ፈለግኩ፤ አልወጣልኝም። ቶሎሳ ጊታሩን እንደታቀፈ መሬት መሬት ያያል።

ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው ብዙነሽ ተነሳች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቀለሙ ምንም አላጠፋም። ክዳኑ የሚገጥምበትን ቦታ እንዳትቀቢ ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ነኝ ሳላስተውል የቀባሁት።"

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ነግሬያት አላውቅም። ጣሳዋ እንደምትቀባም አላወቅኩም።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበ። "ረቡዕ በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ" አላት። ወደኔ ዞረና "ከንፈሩን ብቻ ፋቅ። ምልክቱን እንዳትነካ" አለኝ።

ምላጭ ተፈልጎ መጣ። የጣሳውን ከንፈርና የክዳኑን ጠርዝ ፋቅሁ። ክዳኑን ስገጥመው ዜናው በመሐል ተቆረጠ። ቶሎሳ ክሩን መታ፤ ያ የሐሙሱ የሞቀ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

"ሰውየው የት ገባ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"አዲስ አበባ ተመለሰ ጓድ" አልኩት፤ ምላሴ ተመልሶልኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ተወውና ወጣ።

ቅዳሜ ከዝዋይ ቡድን ቀጥለን ሁለተኛ ወጣን። ስለ ጊታሩ ድምፅ ያልጠየቀ አልነበረም። በኋላ የድምፁን መጠን የምትቀንስና የምትጨምር ቁልፍ ጨምሬ ሌሎች ጣሳዎችም ሠራሁ፤ አንዷ ሻሸመኔ ድረስ ሄዳለች። በዚያች ጣሳ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ረቡዕ ዕለት ግን ብዙነሽ ሕዝብ ፊት ቆማ "የተሰጠኝን ማስጠንቀቂያ ባለማክበሬ ራሴን እሄሳለሁ" አለች። ያልተሰጣትን ማስጠንቀቂያ! እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ስትጨርስ ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከስብሰባው በኋላ ደጅ ጠብቄ "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አልኳት።

"አንተ ላይ መገናኛ የሚል ቃል ተነስቷል" አለችኝ። "እኔ ላይ የሚነሳው ቀለም ብቻ ነው። በቀለም ሰው አይገሉም።"

ይህን ስትለኝ ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። ለብዙ ዓመታት ብዙነሽ ፍርሃት የማታውቅ ሴት ትመስለኝ ነበር። ውለታዋን ሳስብም "እሷ ድሮም ደፋር ናት" እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ አዳማ ሠርግ ላይ ተገናኘን። እሷም አያት ሆናለች። ሲቆጨኝ የኖረውን አወጣሁት፤ "ያኔ ግለ ሂስ ስታደርጊ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"አጨብጭበህ ነበር እንዴ?" ብላ ሳቀች። "አላየሁህም። እንዳልወድቅ ጣሪያው ላይ ያለውን አንድ ምስማር እያየሁ ነበር የምናገረው። ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር እኮ።"

ተነስቼ እጇን ሳምኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ "ደፋር ናት" ማለቱን ትቻለሁ። ፈርታ ነው ያዳነችኝ፤ እንደኔው ፈርታ።