ሜሮን አንድም ፊደል አታውቅም ያልኩበት ቀን

ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስናገር ይህን አልፌዋለሁ። ረስቼው አይደለም። ኃጢአት ሳይመስለኝ ቀርቶም አይደለም። የሚሰማኝ ሰው ሁሉ «ምን አለበት፣ ለልጅቷ አዝነው ነው» ብሎ እንዳያጽናናኝ ፈርቼ ነው። መጽናናት አልፈልግም። ስለዚህ ለእናንተ ለማታውቁኝ እጽፈዋለሁ፤ እናንተም አታጽናኑኝ።

ስሜ ብርቄ ነው፤ የኖርኩት ካዛንቺስ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ወልጄ ከብጄ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ልጄ ከሚሆን አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ነው። ስሜን በእጄ ጽፌ መልሼ ያነበብኩት ቀን አልቅሻለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ለወግ አይደለም። «ያልተማረች ሴት፣ ማንበብ ምን እንደሆነ አታውቅ» ብላችሁ እንዳትተዉኝ ነው። አውቅ ነበር።

ሜሮን የልጄ ልጅ ናት። እናቷ አረብ አገር ስትሄድ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ዘግይታ ቆመች፣ ዘግይታ አፏን ፈታች፣ የምትናገረውም ጥቂት ነው። ሐኪሞቹ አእምሮዋ ዝግ ብሎ የሚያድግ ልጅ ናት አሉኝ። ይሁን አልኩ። እኔ ደግሞ እግሬ ቤት የማያርፍ ሴት ነኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ ከምሳ ወዲያ ያለው ሰዓት ያስፈራኝ ጀመር፤ ቤቱ ዝም ይላል። እና የሜሮንን እጅ ይዤ መውጣት ነው። ለቅሶ ካለ ለቅሶ፣ አራስ ካለ አራስ ጥየቃ፣ ምንም ከሌለ ደግሞ በቃ ዝም ብሎ መሄድ፤ ወደ መስቀል ፍላወር፣ አንዳንዴም የታመመች ባልንጀራዬን ለማየት እስከ ወሎ ሰፈር። ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤታችን ጌታሁን ባለፍን ቁጥር ይለክፈኛል።

«እማማ ብርቄ፣ ሰፈሩን እንዲቆጥሩ ቀበሌ ቀጠረዎት እንዴ?»

«ደመወዙን ሲሰጡኝ አካፍልሃለሁ፣ አርፈህ ሥጋህን ቁረጥ» እለዋለሁ።

ስምንት ዓመቷ ላይ ቂርቆስ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት እንደ እሷ ላሉ ልጆች የልዩ ፍላጎት ክፍል መክፈቱን ሰማሁና አስገባኋት። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ምሳ ሰዓት እወስዳታለሁ። ከሰዓቱ የኛ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በጌታሁን በር ስናልፍ እጄን ለቀቀችና ግድግዳው ላይ ወደተጻፈው ሄደች። «ሥጋ ቤት» ይላል። ሥጋ የሚለውን ትታ ቀጥሎ ያለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ እየጎተተች ወደ ጎን ወሰደችኝ፤ «የሴቶች ፀጉር ቤት»። እዚያም የመጨረሻው ላይ አሳረፈች። መንገዱን ተሻገርን፤ «ምግብ ቤት»። ዞር ብላ አየችኝና «ቤት» አለች። አጥርታ ነው ያለችው። ማንም አላስተማራትም። ስንዞር፣ እኔ ከሰው ጋር ሳወራ፣ እሷ ለካ ስታይ ኖራለች።

ጌታሁን ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶ «ኧረ እማማ! ይቺ ልጅ ልታነብ ነው እኮ! በቃ ካሸሬ አደርጋታለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሳቅን። ሜሮንም ሳቀች። እኔ ግን እየሳቅሁ እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም።

የገባኝ መምህርቷ ስትጠራኝ ነው። ቲቸር ሰናይት ወጣት ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ። ያኔ ወላጆችን አንድ በአንድ እያስገባች ታነጋግር ነበር። ወንበር ሰጥታኝ እንዲህ አለችኝ። «እማማ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለዓመቱ የራሱ የንባብ ግብ ይኖረዋል። ከሌላ ልጅ ጋር አላወዳድረውም፤ አሁን ካለበት ነው የምነሣው። ትንሽም ቢሆን የጀመሩትን ልጆች ከምሳ በኋላ አስቀርቼ ንባብ አስተምራቸዋለሁ። ያልጀመሩት ለጊዜው በሥዕልና በእጅ ሥራ ይቆያሉ፣ ምሳ ሰዓት ወደ ቤት። ሜሮን እዚህ አፍራ አትናገርም። እርስዎ ነዎት የሚያውቋት። አንድ ፊደልም ይሁን፣ አንድ ቃል፣ የምትለየው አለ?»

ከምሳ በኋላ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሌላውን አልሰማሁትም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«አንድም አታውቅም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ልጅቷ የራሷ የሆነ አንድ ቃል ነበራት፣ በዓለም ላይ አንድ ቃል፣ ምስክሯ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ካድኩባት። ለምን? ትደክማለች ብዬ? አይደለም፤ ከኔ ጋር ወሎ ሰፈር ድረስ ስትሄድ ደክሞኛል ብላ አታውቅም። ልጆች ይስቁባታል ብዬ? ይህን ሰበብ ያገኘሁት ቆይቼ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ሳጣ። እውነቱ አጭር ነው። ከሰዓት እሷን ካስቀሯት እኔ ከማን ጋር ልሂድ? ያን ዝም ያለ ቤት ማን ይጋራኝ? የልጅቷን ንባብ በራሴ ከሰዓት ለወጥኩት። ሌላ ስም የለውም።

ቲቸር ሰናይት አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? አያቷ አይደለሁም? የዓመቱ ግብ ተቀመጠ፦ እርሳስ መያዝ፣ ሥዕልን ከሥዕል ማዛመድ። መነሻው ውሸት ከሆነ መድረሻው ምን ሊሆን ነው?

በዚያ ቢያበቃ ኖሮ። መንገድ ላይ «ቤት» ስትል መሸሽ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያልሰማሁ መሰልኩ። ቀጥሎ «እሺ፣ እሺ፣ ነይ እንሂድ» እያልኩ እጇን ሳብ አደረግሁ። በመጨረሻ መንገዱን ራሱን ቀየርኩት፤ በጌታሁን በኩል መውጣት ትቼ በቆርቆሮ አጥሮች መሀል፣ ምንም በማይነበብበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ወሰድኳት። የምወደውን ሰፈር፣ የሰው ሰላምታ የሞላበትን፣ ትቼ በቆርቆሮ መሀል ዞርኩ። ዝም እንድትል። እሷም ዝም አለች።

ዓመቱ ሲያልቅ ቲቸር ሰናይት አስጠራችኝና እኔ እያየሁ ለሜሮን ካርዶች ታሳያት ጀመር። የድመት ሥዕል፣ የኳስ ሥዕል። መጨረሻ ላይ፣ «እስቲ ለሙከራ» ብላ ሥዕል የሌለው ካርድ አነሣች። ቤት ይላል። ሜሮን ካርዱን አየችው። አወቀችው፤ ትከሻዋ ከፍ ሲል አይቻለሁ። ከዚያ ዞር ብላ የኔን ፊት አየች። እንደ ሌላው ጊዜ እጇን አልሳብኩም፣ አልተናገርኩም። ዓይኔን ብቻ ወደ መሬት ጣልኩ። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፤ መልሳ ገጠመችው።

«አይዞዎት እማማ፣ ቀስ እያልን ነው» አለችኝ መምህርቷ፣ እጄን ይዛ።

ያን ጊዜ እንኳን መናገር እችል ነበር። የቀጣዩ ዓመት ግብ ከዚያ ዝምታ ተነሥቶ ተጻፈ፣ የሚቀጥለውም ከዚያ። ቲቸር ሰናይት ተዛወረች፤ የኔ ውሸት ግን ቀረ። አዲስ የመጣ መምህር ሁሉ ሜሮንን ከሥዕሎቹ ጋር ያገኛታል፣ እዚያው ይተዋታል።

ዘንድሮ ሜሮን ዐሥራ ስድስት ሞላት። አሁንም እዚያው ክፍል ናት። በቅርቡ ሳሙና ልንገዛ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ የሶፊያ አባት ነው፤ ሶፊያ ያኔ ከሜሮን ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረች፣ እንደ እሷው ዝግ ያለች ልጅ ናት። እሷ ከሰዓት ከሚቀሩት ነበረች። አባቷ ዕቃ ሲደረድር ሶፊያ ካርቶኖቹ ላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ትነግረው ነበር፤ «ዘ... ይት። ዘይት፣ አባ!» ሜሮን ሳሙናውን ረስታ የሶፊያን ጣት ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ አይወጣም።

ቤት እስክንደርስ ቆርጬ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አሁን ያለው መምህር ወጣት ነው፤ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ሰበር አድርጎ «እማማ፣ ያኔ ምን ያውቁ ነበር...» ሲል አቋረጥኩት።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «እሱን አትውሰድብኝ። አሁን የምትነግረኝ ከየት እንደምንጀምር ነው።»

ከስሟ ጀመረ። ከዚያ በየበሩና በየመንገዱ ተጽፈው የምታገኛቸው፣ ለራሷ የሚያስፈልጓት ቃላት፦ መግቢያ፣ መውጫ፣ ሴቶች፣ አደጋ። እስከ ፋሲካ ይህ ግቧ ነው። ከሰዓት ትቀራለች፣ እኔ ብቻዬን እመለሳለሁ። ለእናቷም በስልክ ተናግሬያለሁ፤ ስልኩን ዘጋችብኝ። መብቷ ነው።

የቀረችው ሜሮን ነበረች። በራችን ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና በአጭሩ ነገርኳት። «ያኔ ታነቢ ነበር። አታውቅም ብዬ ዋሸሁብሽ።»

«ለምን?» አለች።

«ከሰዓት ብቻዬን እንዳልቀር።»

አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠች። ስታስብ እንዲህ ታደርጋለች።

«ሶፊያ ቀረች» አለች። «እኔ ሄድኩ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ታውቀው ነበር ማለት ነው። እዚያ በር ላይ ጓደኛዋ ስትገባ እሷ ስትወጣ፣ ገብቷት ነበር። እኔ እጇን ይዤ ስወጣ ደስ ያላት ይመስለኝ ነበር።

«ይቅር በዪኝ፣ ሜሮኔ» አልኳት።

«ቆዪ» አለችኝ።

በቁጣ አይደለም ያለችው፤ ገና አስባ አልጨረሰችም። ጎረቤቶች ቢሰሙ «ልጅ እኮ ናት፣ ረስታዋለች» ይሉኛል። አልረሳችም፤ እኔም እንድትረሳልኝ አልለምንም፣ አላስቸኩላትምም። የዕድሜዋን ግማሽ አስቆይቻታለሁ። እቆያለሁ።