ገጽ ሙሉ «ሀ»፣ አሥር ከአሥር

ይታወቅ! ለወዳጅም ለጠላትም ይነገር! በገጠሩ ትምህርት ቤት መጥረጊያና ስባሪ ወንበር ይታጎርበት በነበረው ክፍል ላይ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ከነሙሉ ሥልጣኗ ተሹማለች። ግዛቷ አንድ መስኮት፣ ሕዝቧም ጆሮዋ የደከመ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባልደረቦቿ መምህርቷን «ልዩዋ» ይሏታል፤ ፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ልጅቷ የምትሰማው በዓይኗ ነው፤ ከሰው ከንፈር ላይ ቃል ትለቅማለች። ልዩዋ በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ለብቻዋ ታስተምራታለች። የሁለተኛ ክፍሉ መምህር ግን ቃል ሲያስጽፍ መጽሐፉን እንደ ጋሻ አፉ ላይ ይደቅናል።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት? ከንፈርዎን ማየት አለባት።»

«ስንት ዓመት ያስተማርኩበት አፍ ዛሬ መመሪያ ይውጣለት? ይልቅ እጮህላታለሁ።»

ቃሉን አላጠፈም፣ ጮኸላት። የጎረቤት ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ሰምተው ጻፉ። እሷ ግን ሌሎቹ ሲጽፉ አይታ ገጹን ከላይ እስከ ታች በ«ሀ» ሞላችው። መምህሩ አዝኖላት በቀይ እስክሪብቶ አሥር ከአሥር ሰጣት።

ልዩዋ ደብተሩን ፊቱ ዘረጋችው። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጽድቅ ነዋ! አንቺ ደግሞ ምነው ጨከንሽ?»

ጽድቁ እግር አውጥቶ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። ርእሰ መምህሩ ስለ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛውን ከሌላው ጋር አብሮ ስለማስተማር፣ ሠልጥኖ የመጣ ሰው ነው፤ ከሥልጠናው የቀረው ግን ቦርሳው ብቻ ነው። እናትየዋን አስጠራና፣

«እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽ ከእንግዲህ ድጋፍ አያስፈልጋትም። ክፍሉንም ዕቃ እናስገባበታለን» አላት።

እናትየዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ልዩዋ ክንዷን ያዘች። «እታለም፣ ተይ። አንድ ፊደል ብቻ እኮ ነው ደጋግማ የጻፈችው! ያቺን ሰዓቷን አታስወስጂባት።»

«እኔ ፊደል የት አውቄ፣ እህቴ? ገጹ ሙሉ ነው፤ ቀዩንም አይቻለሁ። ልጄ አሥር ብታገኝ አንቺን ምን ከፋሽ?»

ልጅቷ የእናቷን ሳቅ አይታ አብራ ሳቀች። ልዩዋ የእናትየዋን ክንድ ለቀቀች።

አሁን ልዩዋ ስፖርት አስተምሪ ተብላ ኳስ ትነፋለች። ልጅቷም በየትምህርቱ «ሀ» እየጻፈች በየትምህርቱ ትደፍናለች፤ ጎበዝ ተብላም ይጨበጨብላታል።

አንባቢዬ፣ ደግ ሰው መሆንህን አልጠራጠርም፤ መከራችንም ይኸው ነው። ነገ አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢሰጥህ፣ ስለ ፈጠረህ፣ ከማዘንህ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈውን አንብበው።