የሁለተኛው አጋማሽ ሰው

ካሚል ከፕሪቶሪያ ብዙ በማይርቀው የጥቁሮች ሠፈር፣ በአይቮሪ ፓርክ ሎኬሽን፣ ስፓዛ የሚሏትን የሠፈር ሱቅ ከከፈተ አራት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት በሩን በቀን ዘግቶ አያውቅም። ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ሻማ፣ እሁድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ለሚመለሱት ለስላሳ ይሸጣል። ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» ሲሉት ከብረት ፍርግርጉ ኋላ አቤት እያለ፣ ዓለም መዳፍ በምታህል ቀዳዳ እያለፈችበት፣ ሠላሳ አምስተኛ ዓመቱን ያዘ።

ኳስ ግን ነበረችው። መሀል ከተማ ባለው የሐበሻ ገበያ በጄፒ የሚነግዱና የሎኬሽን ባለሱቆች ባቋቋሙት ቡድን ውስጥ አጥቂ ነው። ጨዋታው እሁድ ስምንት ሰዓት ይጀመራል፤ ካሚል የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ሸኝቶ፣ ሱቁን ለሚጠብቅለት የሠፈር ልጅ አስረክቦ፣ ማሊያውን ታክሲ ውስጥ ለብሶ የሚደርሰው ግን ለእረፍት ሲወጡ ነው። ተቀይሮ ይገባል፤ ያገባል። ጄፒ ላይ ሻርፕ የምትሸጠው የአለምወርቅ ከሜዳው ዳር ሆና እንዲህ እያለች ግጥም ታወጣለት ነበር፦

ጠዋት የምትወጣ ፀሐይ አለች አሉ፣
የኔ ግን በዘጠኝ፣ ሰው ሲደክም ሁሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ይህችን ግጥም ሲሰማ ደረቱ ይሞቅ ነበር። በአራተኛው ግን ግጥሟም እንደ ሱቁ ፍርግርግ ሆነችበት። ጉልበቱ ማታ ማታ መጠዝጠዝ ጀምሯል። ሙሉ በሙሉ ሳይከዳው አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ መሰለፍ አማረው። ያውም በመጪው እሁድ፣ ከፕሪቶሪያ ሐበሾች ጋር በሚደረገው የዋንጫ ጨዋታ።

ሳምንቱን ሙሉ ክርክሩ በስልክ ግሩፑ ላይ ነደደ። ግማሹ ቦታው ለዮአብ ይገባል አለ፦ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ አይቀርም፣ ሲሮጥ ንፋስ ነው። የካሚል ወገኖች ደግሞ ዮአብ ከኳሱ ቀድሞ ይደርስና ቆሞ ይጠብቀዋል እያሉ ሳቁበት። ከዮአብ ደጋፊዎች አንዱ በድምፅ እንዲህ ብሎ ላከ፦

ሯጩ ልጅ እያለ እግሩ የሚበር፣
ማን ቆሞ ይጠብቃል ያንተን የሱቅ በር።

አሰልጣኙ ባፈና ጄፒ ላይ ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ብዙ አይናገርም። ካሚል የሁለተኛ አጋማሽ ሰው መሆኑን፣ በሰዓቱ መጥቶም እንደማያውቅ ጽፎ ክርክሩን ሊዘጋው ነበር። ካሚል ግን መለሰ፦ «ጋሼ ባፈና፣ ከፊሽካው በፊት ሜዳ ላይ ካገኘኸኝ ቦታው የኔ ነው?»

«ቃሌ ነው» አለ ባፈና። እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበር።

እሁድ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ሱቅ የሚጠብቅለት ልጅ ገና ሳይመጣ፣ ካሚል በሩን ቆለፈ። እንዳያስቀሩት ሰግቶ ለማንም አልተናገረም፤ ስልኩንም ከጫማው ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተተው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። በሎኬሽን ውስጥ የሐበሻ ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ሲዘጋ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ዘረፋ ተነስቷል፣ ሽሽ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለሱቅ ረሒማ፣ ዘግቶ የማያውቀው ሰው በር ላይ ቁልፍ አየች። ደወለች፤ አላነሳም። እሷም ዘጋች። ጎረቤቷ እሷን አይቶ ዘጋ፤ ሌላውም እሱን አይቶ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰባት ሱቅ ተዘጋ። ሰዎቹም የያዙትን ይዘው፣ እሁድ ሐበሻ ሁሉ ወደሚገኝበት ወደ ሜዳው በታክሲ ሄዱ።

ሜዳው ላይ ስልኮች ይጮኹ ጀመር። አይቮሪ ፓርክ ተዘርፏል ተባለ። እዚያ ሱቅ ያላቸው ሁለት ተከላካዮች ማሊያቸውን እያወለቁ ሳለ፣ ረሒማ እያለከለከች ደረሰች። ካሚል ሣሩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል።

ትከሻውን በጥፊ መታችው፤ ከዚያ አለቀሰች። «በሕይወት ካለህ ለምን ዘጋህ?»

«ልጫወት።»

ባፈና ይህን ሁሉ ሰው ያስደነገጠ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ እንጂ መሰለፍ እንደማይገባው፣ ዮአብ እንደሚጀምር ተናገረ።

ካሚል ተነሳ። መጀመሪያ ለረሒማ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና አለ። «እሷን በድያለሁ፣ ይቅርታም የምጠይቀው እሷን ነው። አንተን የምጠይቅህ ቃልህን ነው፣ ጋሼ። ሱቄ አንድ ቀን ሲዘጋ ሰው ሁሉ ሞተ ካለኝ፣ እንግዲያው አንድ ቀን እንደምኖርም ይይልኝ።»

ረሒማ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። «አሰልፈው እንጂ» አለች፤ «ሰባት ሱቅ ያዘጋ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው?»

ካሚል ጀመረ። አላገባም። አንዷን ኳስ የጎሉ ብረት መለሰበት፤ አንዷን በረኛው በጣቱ ጫፍ አወጣት። ባዶ ለባዶ ለእረፍት ሲወጡ ያነክስ ነበር። ዮአብ ተዘጋጅቶ ቆመ። ባፈና በእጁ ካሚልን ጠራው።

ካሚል ግን ውሃውን ጠጥቶ ከሁሉም ቀድሞ ወደ መሀል ሜዳ ሄደና ዞር አለ። «የመጀመሪያውን ዛሬ አገኘሁት። ሁለተኛው የኔ መሆኑን አራት ዓመት ስትነግሩኝ ኖራችኋል። ምኑን ነው የምለቀው?»

ባፈና ራሱን ነቀነቀ፤ ዮአብንም በሌላ ተጫዋች ቦታ በክንፍ በኩል አስገባው። የአለምወርቅ የድሮዋን ግጥም ልትጀምር አፏን ከፍታ ቆም አለች፤ ግጥሟ ዛሬ ለዚህ ሰው አትበቃም። አየር ስባ በአዲስ ጀመረች፤ የሰባቱ ሱቅ ሰዎችም በጭብጨባ ተቀበሏት፦

ጠዋትም ወጣልኝ፣ ከሰዓትም ዋለ፣
ፀሐዬን ግቢ ባይ እስኪ ማን ሰው አለ።