እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ሶዶ ውስጥ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ስወጣ ነው ፖሊሶች የያዙኝ። ከዲምቱ ነበር የመጣሁት፤ ማታ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ልብስ እንኳ አልያዝኩም። የጣቢያው የሴቶች እስር ክፍል ቆርቆሮ በር አለው፤ ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ በረኪናና ሽንት ይሸታል። ውስጥ የነበሩት አራት ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። «እዚህ ጋ ይሻላል እትዬ፣ ደረቅ ነው» አለችኝ አንዷ።

ከአምስታችን ሶዶ ውስጥ ቤተሰብ ያላት ይህችው ልጅ ብቻ ነበረች። ለሌሎቻችን ጠዋት ዳቦ ይወረወርልናል፣ በቃ። ግን ክፍሉ ደንብ ነበረው። ከውጭ የመጣ ስንቅ መሃል ይቀመጣል፣ ባለቤቷ «ኑ» ትላለች፣ ሁላችንም እንበላለን። እሷ «ኑ» ካላለች ማንም እጁን አይሰድም።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ፌስቡክ ላይ በጻፈችው ነገር ታስራ፣ ፍርድ ቤት ካላቀረባችሁኝ እህል አልቀምስም ብላለች። እናቷ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስንቅ ታመጣለች፤ ልጅት ሳትከፍተው «መልሱላት» ትላለች። የዳጣው የቃሪያና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ብቻ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። እኔ ሆዴ ይጮሃል፣ እሷ ደግሞ ጨጓራዋን ይዛ ታቃስታለች። በዚህ ከቀጠለች እጃችን ላይ እንደምትወድቅ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እልህ ነው» አልኳት አንድ ቀን። አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ጽናት ነው» አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ጽናት ቢሆን ስንቁን ስትመልሺ የፖሊሱን ፊት አታዪም ነበር።»

«እትዬ፣ አንቺ ርቦሽ ነው።»

«ርቦኛል! ውሸት ነው እንዴ?»

ሌሎቹ ሳቁ። እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ እኔም አኮረፍኳት።

ሁዳዴ ነበር። በማግስቱ ዋናው በር ላይ አዲስ ጠባቂ ቆመ። በራችን ላይ ቁልፉ የተነቀለበት ቀዳዳ አለ፤ በሱ በኩል ዋናው በር ይታያል። እናትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘንቢሏን ይዛ ቆማለች።

«እማማ፣ ቀምሰሽ ነው የሚገባው» አላት ጠባቂው።

«ጾም ነው ልጄ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እቀምሳለሁ።»

«አሁን ካልቀመስሽ ይዘሽ ሂጂ። ልጅሽ እንደሆነ አትበላም።»

«መብላት አለመብላት የሷ ነው። የኔ ማምጣት ነው። እጠብቃለሁ።»

አልጮኸችም፣ አልለመነችም። አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ዘንቢሉን ወደ ጥላው ታስጠጋለች፤ ለራሷ ጥላ አልተረፋትም። ጠባቂው ሊያናድዳት ሞከረ፣ ሰለቸውና ተዋት። ልጅቷ ከቀዳዳው አልተነሳችም። «እንዴ፣ አንዴ እንኳ ቀና ብላ የጠባቂውን ፊት አላየችም» አለች ቀስ ብላ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናትየዋ አማተበች፤ ከተቀቀለው ጎደሬ ቆርሳ ዳጣ አስነክታ ቀመሰች፤ ዘንቢሉን አስረከበች።

ልጅቷ ሳህኑን መሃል አስቀመጠችው። «ኑ» አለች። ጎደሬው ቀዝቅዞ ጠጥሯል፤ እያለቀስን በላነው።

ከዚያ ወዲህ ትበላለች። ግን ጠዋት በሩ ሲከፈት፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ፍርድ ቤት መቼ ነው የምቀርበው?» ትላለች። ቢሰድቧትም ቢስቁባትም በማግስቱ ያንኑ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ጥያቄዋን ሳትጨርስ «ዕቃሽን ያዢ» አሏት። ወዴት እንደሆነ አልነገሩንም።

ስድስት ሰዓት ላይ እናቷ መጣች።

«የለችም። ወስደዋታል» አላት ጠባቂው።

«የት?»

«እኔ አላውቅም።»

ዘንቢሉን አጥሩ ሥር አስቀምጣ ልጇን ፍለጋ ሄደች። አትመለስም ብዬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ብቻዋን መጣች። አማተበች፣ ቀመሰች፣ ዘንቢሉን ለጠባቂው ዘረጋች። «ውስጥ ያሉት አልበሉም» አለችው።

ሳህኑ መሃል ተቀመጠ። «ኑ» የሚለን የለም። መጮህ ክልክል ነው፣ ቢሆንም አፌን ቀዳዳው ላይ ለጥፌ ጮህኩ።

«እማማ! እዚህ ባለቤቷ ኑ ካላለች አንበላም!»

ጠባቂው በሩን በእርግጫ መታው። እሷ ወደ እኛ ዞረች።

«ኑ» አለች። «ኑ፣ ብሉ ልጆቼ።»

እኔ ተፈታሁ። ልጅቷ የት እንደደረሰች በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እልህና ጽናት አንድ አይደሉም?» አሉኝ። አይደሉም አልኳቸው። ምሳሌ ስጪን ሲሉኝ ግን ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።