አውራ ጣቴን በማያህል ዓሣ መቅናቴ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ዓሣ ቀናሁ... አውራ ጣቴን እንኳ በማያህል ዓሣ።

የምሠራው ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ውኃ እቀይራለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ፣ ዓሦቹን አበላለሁ። ሰናይት የምትባል የአገሬ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባተርሲ ድረስ ወደ ሱቁ ትመጣለች። ቀን ሆቴል ታጸዳለች፣ ማታ ኮሌጅ ትማራለች። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ለእርሷ የሚመጥን ቃል ስፈልግ መሄጃዋ ይደርሳል።

ቢሆንም፣ ያን ሁሉ መንገድ የምትመጣው ለእኔ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ስለዚህም ከስልክ ሳጥን ደውዬ፣ ዋይት ሲቲ የሚኖሩትንና እዚህ አገር ብዙ ትዳር ያስማሙትን ጋሽ ተካን፣ አጎቷ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ለመንኋቸው።

«ልጅቷ ምን አለችህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ ከባተርሲ ትመጣለች፤ ከዚህ በላይ ምን ትበል?»

«እንግዲያው መጀመሪያ በዓይኔ ልያት።»

ቅዳሜ ዕለት ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ደንበኛ ለመምሰል የዓሣ ምግብ ቆርቆሮ አንስተው ያገላብጡ ጀመር።

ሰናይት ገባች። «እንደምን ዋልክ» አለችኝ... ዓይኗ ግን በትከሻዬ ላይ አልፎ ሄዷል። ቀጥታ ወደ ጥጉ ገንዳ አመራች።

እዚያ ያለው አለቃዬ «ካርዲናል» የሚለው ትንሽ ቀይ ዓሣ ነው። ሌሎች ቀያይ ዓሦችም አሉን፤ የዚህኛው መለያ ግን ለሁለት የተከፈለ የጀርባ ክንፉና ከጅራቱ ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ነው። በጨለማ ወጥቶ የሚያድን በመሆኑ ዓይኑ ከገላው ጋር አይመጣጠንም። ቀን ቀን ከድንጋይ ሥር ተደብቆ ስለሚውል፣ እርሱን ለማየት መጎንበስ ግድ ነው። ሰናይት ትጎነበሳለች። እኔን ለማየት ማንም ጎንበስ ብሎ አያውቅም...

«ዛሬም አልበላም?» አለች።

«አልበላም።»

«ውይ፣ የኔ ጌታ! ከሳ እኮ!»

የኔ ጌታ! ለዓሣ! እኔን እስከዛሬ «ስማ» ከማለት በቀር በስሜ እንኳ ጠርታኝ አታውቅም።

ጋሽ ተካ ከበርጩማቸው ሆነው «ምን ሆኖ ነው የማይበላው?» አሉ።

«የሚጾም ይመስለኛል ጋሼ» አለች እየሳቀች። የገና ጾም የገባ ሰሞን ነበር።

«ጉድ እኮ ነው! እኛ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያልን ስንከራከር፣ ለካ እርሱ ራሱ ጾመኛ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ልታይ ብዬ አለቃዬ የነገረኝን አወራሁ። «አይጾምም። እንቁላሎቹን አፉ ውስጥ ይዞ ነው። ሴቷ ጥላ ትሄዳለች፤ አባትየው እስኪፈለፈሉ ድረስ ምንም አይቀምስም።»

ሰናይት መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «ወንድ ማለትስ እንዲህ ነው!»

ደሜ ፈላ። ጉንጩን አየሁት... የተነፋው በእንቁላል ሳይሆን በኩራት መሰለኝ። በገዛ አፌ ነው ያስሞገስሁት!

ይህን ጊዜ ጋሽ ተካ ተነሡ። በወጋችን ሽማግሌ የሚናገረው ለወላጅ ነው፤ ያውም ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ። እርሳቸው ግን ለንደን ሳታስቸኩላቸው አልቀረችም።

«ልጄ፣ እዚህ የምትመጪው ለዓሣው ነው ወይስ ለዚህ ልጅ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ለዓሣው ነው ጋሼ» አለች፤ ሳታመነታ።

የያዝሁት መረብ ከእጄ አምልጦ ውኃው ውስጥ ገባ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ብላ ቀጠለች። «ለዚህ ልጅ ብዬ ስንት ቅዳሜ ተመላለስኩ። የሚነግረኝ ስለ ውኃው ጨው ነው። ዓሣውስ አፉን የዘጋው ልጆቹን ይዞ ነው፤ ይሄ ምን ይዞ ነው?»

ጋሽ ተካ ቆርቆሮውን አስቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። «መልስላት እንጂ፣ አንተ! ምን ይዘህ ነው?»

«ሻይ...» አልሁ። «ሱቁ ሲዘጋ... ሻይ ልጋብዝሽ?»

«ያለ ወተት» አለች። «ጾም ነው።»

ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ስለ እናቴ ነገርኋት፤ መልስ ስላላገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ፣ እንቅልፍ ስለሚነሣኝም ነገር ሁሉ አወራኋት። አገጯን በእጇ ደግፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያም ሻይዋን ፉት አለችና...

«ቆይ ግን፣ እነዚያ ልጆች ሲፈለፈሉ ማን ነው የሚያበላቸው?» አለችኝ።

ቅናቱ እንደሆነ አልለቀቀኝም፤ ብቻ፣ ለብቻ ቆሞ ከመቅናት ከእርሷ ፊት ለፊት ተቀምጦ መቅናት በብዙ ይሻላል።