የቡና ገለባውን ደም ያልኩ ጊዜ

«ደም አልነበረም።»

«እኔ የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።»

«አልመሰለህም። የአንተ ዓይን የጭልፊት ዓይን ነው። ደም አልነበረም፤ አንተም ታውቃለህ።»

የጸሎት ክፍሏ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ያረጀ ሰሌን አላት። የላሜራ በሯ ከታች መሬቱን ስለሚይዝ ወደ ላይ አንሥተው ካልሳቡት አይዘጋም። እኔ ሁልጊዜ ገርበብ አድርጌው ነው የምሄደው። ጓደኛዬ ግን ሁልጊዜ አንሥቶ ይዘጋዋል። ያን ቀንም ሲገባ ዘግቶት ነበር። በቀጥታ ከወፍጮ ቤት ስለመጣ ቅንድቡ ላይ የበቆሎ ዱቄት አለ።

«የጸሎት ርእስ አድርጌ ነው የሰጠሁት» አልኩት። «ስምህንም አልጠራሁም።»

«ስሜን አልጠራህም!» ሳቀ። «ከአልዱባ ወዲያ አገር ያለው ወንድም ብለህ። እዚህ ቤት ከአልዱባ ወዲያ አገር ያለው ስንት ሰው አለ? እንግዲህ ጸለያችሁልኝ። ትናንት እጅ ሳይጭኑብኝ ቀሩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋዜማው፣ እሑድ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በጉባኤው ፊት እጃቸውን ጭነውበት ከዲመካ ወዲያ ወዳሉት መንደሮች ወንጌላዊ አድርገው ሊልኩት ነበር። ለአራት ዓመት የጸለየበት ነገር ነው። በእኔ አንድ ቃል ምክንያት ቆመ። ያን ቀን፣ ሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ እዚችው ክፍል መጥተው ሊወስኑ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶን ነበር።

እሱ የበና ብሔረሰብ ልጅ ነው። ትምህርት ፍለጋ ጂንካ መጣ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆመ፣ ወፍጮ ቤት ገባ። እኔ እዚሁ ጂንካ ነው የተወለድኩት። አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ በማንበብ ነው የለመድኩት። መዘምራኑ አራት ግጥሞቼን ዜማ አውጥተውላቸው ይዘምሯቸዋል። ከሁሉ የተወደደው ስለ እግዚአብሔር ዕቃ ጦር የጻፍኩት ነበር። ለራስ ቁሩ አንድ ቤት፣ ለጋሻው አንድ ቤት፣ ለሰይፉ ሁለት ቤት ሰጥቼዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር፣ አንድ ቀን ጠርተውኝ «ልጄ፣ የእውነት መታጠቂያው የት ሄደ?» ብለውኝ ነበር። «ለዜማው አልመች አለ ጋሼ» አልኳቸው።

ዓርብ ዓርብ ማታ የመንፈሳዊ ውጊያ ጸሎት የምናደርግ አሥራ ሁለት ያህል ወጣቶች ነበርን። አሁን የምናገረውን ያኔ ማንም አያውቅም፤ እኔ ጸሎቴን እጽፈው ነበር። በማመልከቻ ወረቀት ጀርባ። ከዚያ በከተማው መካከል ባለው በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ፣ በከብቶቹና ኳስ በሚጫወቱት ልጆች መካከል ወዲያ ወዲህ እያልኩ በቃሌ እይዘዋለሁ። ዓርብ ማታ ልክ አሁን ከመንፈስ እንደተቀበልኩት አድርጌ አወርደዋለሁ። ድምፄ የሚቆራረጥበትን ቦታ ሳይቀር አዘጋጅ ነበር።

ሰው «አሜን» ይለኛል። ያለቀ ማመልከቻ ሳነብላቸው ባለጉዳዮቼ «ጥሩ ነው» እንደሚሉኝ ዓይነት አሜን።

እሱ ሲጸልይ ግን ክፍሏ ትለወጣለች። እግዚአብሔርን አንዴ አንተ፣ አንዴ እርስዎ ይለዋል። ቃል ይጠፋውና ዝም ይላል። «አባት፣ እዚህ ነን። ፈርተናል። ናልን።» ይኸው ነው። ይህን ሲል ከጎኔ ያለችው እህት ታለቅሳለች፣ ከፊቴ ያለው ወንድም ይንበረከካል። እኔ ማን እንዳለቀሰ እቆጥራለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጸልዬ አላውቅም ነበር።

ቅናት ከሩቅ ሰው አይጀምርም። አብረኸው ከምትበላው ነው የሚጀምረው። እሱ ዳቦ ሲኖረው ግማሹን የሚሰጠኝ፣ ስታመም ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ የሚያድር ጓደኛዬ ነው። አንድ ቀን ከእኛ ጋር በአንድ አጥር የሚኖሩ እናት እግራቸው አብጦ ጸሎት ፈለጉ። መጽሐፍ ቅዱሴን ብብቴ ሥር ይዤ በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ሴት ልጃቸው «እንደምን ዋልክ» ብላኝ አለፈች። ወዴት እንደምትሄድ በዓይኔ ተከተልኳት። ወደ ወፍጮ ቤቱ።

ልበልጠው ብዬ ሦስት ቀን ጾምኩ። በሦስተኛው ቀን የታየኝ ራእይ ትኩስ ዳቦ ከሻይ ጋር ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር አሰብኩ። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ አልዱባ ይወርዳል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ቤተሰብ» ብቻ ይላል። አንድ ቦታ አለው አልኩ በልቤ። አንድ ተራራ፣ አንድ ዋሻ፣ ማንም ሳያየው ኃይል የሚቀበልበት። ከየት እንደሚያመጣው ካወቅኩ እኔም ሄጄ አመጣለሁ። እንግዲህ ይህን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ገበያተኛ በጫነ አይሱዙ ከኋላው ሄድኩ። አልዱባ ገበያው ደርቷል፤ ማር፣ ማሽላ፣ ፍየል፣ ቅል። ለማንም ሳይቆም ገበያውን ሰንጥቆ ወጣ። እኔም ርቀት ጠብቄ ተከተልኩት። ከአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በኋላ አንድ መንደር ደረሰ። እኔ ከእሾሁ አጥር ወዲህ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥኩ።

ተራራ አልነበረም። አንድ ትልቅ ግራር ሥር ሽማግሌዎች በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። እሱና አንድ እሱን የሚመስል ጎረምሳ ፊታቸው ቁጢጥ አሉ። ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ከቅሉ ሸፎሮ ተጎነጨ። ሸፎሮ ከቡና ገለባ የሚፈላ፣ እዚያ አገር ጠዋት ማታ የሚጠጣ ነው። ሽማግሌው የተጎነጨውን በሁለቱ ላይ እፍ እያለ ረጨው። ጓደኛዬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ቡናማው ውኃ በግንባሩ ወረደ።

ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ማየቴ አይደለም፣ ያ ደስታ ነው።

ዓርብ ማታ መሪያችን እንደ ወትሮው «የጸሎት ርእስ ያለው?» አለ። እጄን አወጣሁ። እኛ ዘንድ ሐሜት ክልክል ነው፤ የጸሎት ርእስ ግን ክልክል አይደለም። ያን ማታ እሱ ወፍጮው ተበላሽቶ አልመጣም። «ከመካከላችን አንድ ወንድም» አልኩ፣ «ከአልዱባ ወዲያ ባለ አገሩ፣ በጨለማው ሥርዓት ፊት አንገቱን ደፍቶ አይቻለሁ። በግንባሩ ላይ…» እዚህ ጋ ቆምኩ። የቆምኩት ቃል ስመርጥ ነው። የቡና ገለባ ማለት ደካማ መሰለኝ። «በግንባሩ ላይ ደም ሲወርድ አይቻለሁ።»

ክፍሏ ተለወጠች። እህቶች ጮኹ፣ ወንድሞች ተንበረከኩ። በእኔ ቃል ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ማታ ብቻ ነው።

«ምን አደረግኩህ?» አለኝ አሁን፣ ከፊቴ ቆሞ።

«ሥርዓቱ ውስጥ ገብተሃል። ይህን ትክዳለህ?»

«ለምን አልጠየቅከኝም? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰሌን ላይ ተንበርክከናል። ለምን አልጠየቅከኝም?»

የተዘጋውን በር አየሁ።

«ልንገርህ» አለ። «እኛ ጋ ታላቅ በተሰለፉት ከብቶች ላይ ሳይዘል ታናሽ አይዘልም። ያልዘለለ አያገባም፣ ሰው አይባልም። እኔ ታላቅ ነኝ። ካመንኩ በኋላ አልዘልም አልኩ። እኔ እዚህ እዘምራለሁ፣ ወንድሜ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። የወደዳት ልጅ ለሌላ ሄደች። ስለዚህ እየተመላለስኩ ለመንኳቸው፤ ተራዬን ለእሱ ስጡት፣ እኔን እለፉኝ አልኩ። ያን ቀን እሺ አሉ። ረጩብን። እሺ ማለት ነው። በቃ።»

«ለምን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹ደሙስ?› አሉኝ። ደም የለም አልኩ። ‹ያየ ሰው አለ› አሉኝ።»

አንድ ነገር ከውስጤ አመለጠኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ታዲያ ኃይሉን ከየት ነው የምታመጣው?»

«የቱን ኃይል?»

«ስትጸልይ ያለውን። ሰው የሚያስለቅሰውን።»

እንደ እብድ አየኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና በእጁ ቅንድቡን ጠረገ፤ ዱቄቱ ጉንጩ ላይ ወረደ። «እኔ የምጸልየው ስለምፈራ ነው» አለ። «አገሬ ስገባ አባቴ አያየኝም፤ በላዬ አሻግሮ ከብቱን ነው የሚያየው። ያን ጊዜ መዝለል እፈልጋለሁ። እግሬ ራሱ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ብዘል አባቴ ስሜን ይጠራል። ሁልጊዜ ስመለስ መኪና ላይ ሆኜ ‹ያዘኝ› እላለሁ። ዓርብም ያንኑ ነው የምለው። ሌላ ነገር አላውቅም። አንተ ገጣሚው ነህ፣ ጦርነቱን አሳምረህ ትጽፋለህ። እኔ ግን እየተመታሁ ነው።»

በዚህ እንኳ ቀናሁበት። እውነቴን ነው። በፍርሃቱ ቀናሁበት። እኔ እንዲህ ብዬ ለእግዚአብሔር የምነግረው አንድ የእውነት ፍርሃት አልነበረኝም፤ ወይም ነበረኝና ለዜማ አልመች ብሎኝ ትቼዋለሁ። የእኔ ፍርሃት እሱ ነበር። የምፈራው አጠገቤ ተንበርክኮ የሚጸልየውን ጓደኛዬን ነበር።

ከውጭ የጋሼ ሳል ተሰማ። በሩ እየተፋጨ ተከፈተና ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ተነሣን። ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ልጄ፣ ያየኸውን ድገምልን።»

ኪሴ ውስጥ የጻፍኩት ወረቀት ነበር። የሚያምር ነበር፣ አልዋሽም። ለሁሉም ጎን የሚበቃ፣ ደሙንም ሳይክድ ሳያጸና የሚያልፍ፣ እንደ ጥሩ ማመልከቻ። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ በፊት ሰው ፊት ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም።

«ያዘኝ» አልኩ በሆዴ።

«ደም አልነበረም ጋሼ። የቡና ገለባ ነው። ሸፎሮ። ከእኔ እስከ ዛፉ ሃያ እርምጃ አይሆንም፤ አጥርቼ አይቻለሁ። ደም ያልኩት ቀንቼበት ነው።»

ዓይኔን ስገልጥ ሦስቱም እያዩኝ ነው። አንደኛው ሽማግሌ «በጌታ ስም!» አሉ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አዞሩት።

«በምኑ ነው የቀናህበት?»

«በጸሎቱ።»

«በጸሎቱ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ የወፍጮ ቤቱን ልጅ አዩት። «በአንተ ላይ ደም የለም። ይህ ነገር ተዘጋ። የዚህ ልጅ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወንድምህ የሚዘለው መቼ ነው?»

«የነገ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጋሼ።»

«አትሄድም አይደል?»

«እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ እጃችንን ጭነን ልንልክህ ነው እኮ! ሕዝቡ ምን ይላል? ለአንድ ማክሰኞ ብለህ?»

«አልዘልም ጋሼ። አልጠጣም። እዚያ እቆማለሁ ብቻ። ሁሉም ታላቅ ወንድም ይቆማል። እኔ ካልቆምኩ ‹አምላኩ ወንድሙን አስጣለው› ይላሉ። ከዚያ ወንጌል ይዤ ብሄድ ማን ይሰማኛል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። «እንግዲያው እጅ መጫኑ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «እንጸልይበት።»

ልናገርለት አፌን ከፈትኩ። የምለው ሁሉ ተዘጋጅቶልኝ ነበር፣ ከነማረፊያው፤ ግን ያ ሰዓት የእኔ አልነበረም። አፌን ዘጋሁ።

«እሺ፣ ይቆይ» አለ እሱ። አልተቆጣም። ሰሌኑ ላይ የረገፈውን ዱቄት በእግሩ ጫፍ ሰብሰብ አደረገ። «ጋሼ፣ ወፍጮው ላይ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ልሂድ?»

«ሂድ ልጄ።»

ሦስቱንም ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። እኔ ጋ ሲደርስ የሚለኝን ጠበቅኩ። ይቅር ብዬሃለሁ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር። አላየኝም። ወይም አየኝና አባቱ እሱን እንደሚያየው፣ በላዬ አሻግሮ በሩን አየ። ያን ጊዜ እንኳ ልቤ ያለው «ምነው እኔ በሆንኩ» ነው። እንዲህ ባዶ እጄን፣ እንዲህ ቀጥ ብዬ ብወጣ።

ወጣ። በሩን ከውጭ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ አነሣው፤ ላሜራው ከመሬቱ ተላቀቀ፣ ሳበውም፣ ተዘጋ።