በአውቶቡስ መስኮት የወጣ ምርቃት

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ገበያ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ ከፊቴ የነበረው አይሱዙ ድርቆሽ ጭኖ ኖሮ፣ መስኮቴን እስከ ላይ ዘግቼው እያለ ሽታው በየት እንደገባ ሳላውቅ ትንሿን ቪትዜን ሞላት። ከጭነቱ አናት ላይ ሁለት ጎረምሶች ገመዱን ያጠብቃሉ፤ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ሳሩን በእግሩ እየረገጠ ያመቻቻል። ለከተማ ሰው ድርቆሽ የላም ቀለብ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። እኔን ግን መጀመሪያ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ከአንገቴ ጀምሮ ፊቴ ድረስ ያቃጥለኛል። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ልጅ የዳርኩ ሴት ነኝ። በሳር ሽታ እንደ ተማሪ የምሸማቀቀው ለምን እንደሆነ ለመናገር ሱሉልታ ድረስ መውረድ ይኖርብኛል።

የልጅነቴ ሱሉልታ ዛሬ እንደሚታየው የፎቅና የመጋዘን ሰፈር አልነበረችም። የጎጃም መንገድ እንጦጦን በትከሻው በኩል ተሻግሮ የባሕር ዛፉን ጥላ ሲጨርስ ድንገት ሜዳ ይዘረጋል፤ ያን ሜዳ እኛ ጨፌ እንለዋለን። ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበትና ዝይና ዳክዬ ይሰፍርበታል፣ ከብቶቻችን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ፣ እኛም ገበያ የምንሄደው ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን ነው። መስከረም ሲጠባ ውኃው ወደ ሲቢሉ ወንዝ እየሸሸ ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ በሳሩ መሀል ባለ ሦስት ቅጠል ሐምራዊ አበባ ብቅ ብቅ ይላል፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማጭድ ይወርድበታል። ያ ሽታ የሚነሳው ያኔ ነው። ታጭዶ ፀሐይ የመታው የጨፌ ሳር ትንሽ ማር፣ ትንሽ ጭቃ ይሸታል፤ የለበስነው ልብስ፣ የምንተኛበት አልጋ፣ የእናቴ ጸጉር ሳይቀር እስከ ገና ድረስ እሱኑ ሲሸት ይከርማል።

አባቴ ለአገሩ ሰው ኦቦ በዳዳ ነው። አባቱም አያቱም እዚያው ያረሱ፣ ከቤት ኦሮምኛ ከገበያ አማርኛ ሲነጋገር የኖረ፣ ፊደል የቆጠረው በስተርጅና በመሠረተ ትምህርት የሆነ ገበሬ ነው፤ ስለ አገሩ ማውራት ከጀመረ ግን የሚያስቆመው የለም። እኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሆኜ እንድማር ተወሰነና፣ ቅዳሜ እየመጣሁ እሁድ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ያደርሰኝ ጀመር። መስኮቱን ይዞ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲነሳ እሱም ይነሳል። ይሄ ቡርቃ ዲማ ነው፣ ቀዩ ምንጭ፣ ውኃው ዝገት የሚመስለው ከሥሩ ብረት ስላለ ነው። ይቺ ሙካ ቆፋ ናት፣ ብቸኛዋ ዛፍ፤ ጣሊያን ይሄን መንገድ ሲሠራ ሊቆርጧት መጥተው አያቴ ግንዷን አቅፋ አላስነካ አለች፣ መንገዱ እዚህ ጋ ጠመም የሚለው ለዚህ ነው። ያ ማዶ የባላባቱ ነበር፣ በኋላ ላራሹ ሆነ፣ ጨፌውም ያኔ ለየቤቱ ተሸነሸነ። ይሄን ሁሉ ለእኔ ብቻ ቢነግረኝ ምን ነበር። ከፊት ወንበር ላለው ነጋዴ፣ ከኋላ ዶሮ ለያዘችው ሴትዮ፣ ለሾፌሩም ጭምር ነው የሚናገረው።

አቀበቱን ጨርሰን እንጦጦ ጫፍ ላይ ስንደርስማ ብድግ ብሎ ይቆማል። "ውኃ የሚለያየው እዚህ ነው!" ይላል በሙሉ ድምፁ። "ከዚህ ወዲህ የወረደው ዝናብ ሙገር ገብቶ፣ ዓባይ ገብቶ፣ ግብፅ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የወረደው በአዋሽ አድርጎ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል። ደመናው አንድ ነው እኮ!" ረዳቱ "ኦቦ በዳዳ፣ እርስዎ ይቀመጡና ዝናቡን እኛ እናደርሰዋለን" ሲለው አውቶቡሱ በሳቅ ያውካካል፣ አባቴም አብሮ ይስቃል። እኔ ደብተሬን ፊቴ ላይ ከፍቼ የማላነበውን አነባለሁ።

ከሁሉም የሚብሰው ምርቃቱ ነበር። የእኛ አገር ሰው በሚሠራ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ነውር ነው። አጫጅም ይሁን አራሚ፣ ቆም ብሎ "እግዜር ያበርታችሁ" ይላል፣ ሠራተኛውም ቀና ብሎ "አሜን፣ ያክብርልኝ" ብሎ ይመልሳል፣ መንገደኛው ይሄዳል። የእግረኛ ወግ ነው። አባቴ ወጉን አውቶቡስ ላይ ይዞት ተሳፈረ። በጥቅምት፣ ዝናብ እንዳይቀድመው ተብሎ ሰንበት እንኳ ሳይከበር፣ ጨፌው ከዳር እስከ ዳር አጫጅ ነው፤ እሱም ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ለእያንዳንዱ የአጫጅ ቡድን "እግዜር ያበርታችሁ! ጀባዳ!" እያለ ይጮኻል፤ በአማርኛው ያልሰማ በኦሮምኛው ይሰማል ብሎ መሆን አለበት። አንድም ሰው ሰምቶት አያውቅም። አጫጁ ድምፅ ሰምቶ ወገቡን እስኪያቀና አውቶቡሱ የሌላ ሰው ማሳ ጋ ደርሷል። የሚደርሰው አቧራው ብቻ ነው። አባቴ ግን መልስ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደሚቀጥለው ይዞራል።

አንድ እሁድ የክፍሌ ልጅ የሆነች፣ አባቷ ጫንጮ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀልደኛ ልጅ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ሰኞ ጠዋት የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳውን እያጠፋ ሳለ ከኋላ ወንበር "እግዜር ያበርታዎት! ጀባዳ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ቁርጥ የአባቴ ነው። ክፍሉ ፈረሰ፣ አስተማሪው ራሱ ሳቀ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ እንስራ ለሚሸከም፣ ግቢ ለሚጠርግ፣ ፈተና ለሚፈተን ሁሉ ምርቃቱ መጣ፤ የእኔም ስም ጀባዳ ሆኖ ከረመ።

በሚቀጥለው እሁድ ቀድሜ ገብቼ መስኮቱን እኔ ያዝኩት። ዘጋሁትም። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ጥቂት ታገሠና የመጀመሪያዎቹ አጫጆች ሲመጡ እጁን በላዬ አሳልፎ ወደ መስኮቱ ሰደደው።

"በረደኝ አባዬ" አልኩት።

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እጁን መለሰ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ አለበሰኝ፣ እስከ አንገቴ ድረስ ጠቀለለኝ። እንጦጦ እስክንደርስ እዚያ ውስጥ በላብ ተጠመቅኩ። እሱ በተዘጋው መስታወት ውስጥ እያየ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ አጫጆቹን አንድ በአንድ ሲመርቅ ጨፌው አለቀ። ትምህርቴን እስክጨርስ እሁድ እሁድ ይበርደኝ ነበር።

እዚያው አዲስ አበባ ቀረሁ፤ አገባሁ፣ ልብስ ስፌት ቤት ከፈትኩ። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ብርሃኑን ቀስ በቀስ ወሰደበትና እኔ ዘንድ አመጣሁት። ጨፌውን ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ያዘ። ዛሬ ነገ ለልማት ይወሰዳል የሚለው ወሬ ሲበረታ፣ ደረጀ ከእጄ ሳይወጣ ብሎ መጋዘን ለሚሠራ ሰው አስተላለፈው። ለእኔ የነገረኝ ካለቀ በኋላ ነው። አልተቆጣሁትም፤ እንዲያውም ከድርሻው ተቀብዬ ሱቄን አሳደስኩበት። የተማከርነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባዬ እንዳይሰማ። ልቡ አይችለውም አልን። እውነቱ ግን እኛ ነበርን ፊቱን ማየት የማንችለው፣ ዓይኑ ባያየን እንኳ።

ስለዚህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ደረጀ ከጫንጮ ማዶ ድርቆሽ ይገዛና አንድ እስር ተሸክሞ ቤቴ ይመጣል። "የጨፌው ነው አባዬ" ይላል። አባቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ ፊቱን ይቀብርበታል፣ ብዙ ይቆያል፣ ከዚያ "ጥሩ ደርቋል" ይላል። እኔ ይሄኔ ወጥ ቤት ሥራ አላጣም።

ካቻምና ግን እስሩን አልፈልግም፣ ሲታጨድ እዚያው ቆሜ ላሽትተው አለ። አንድ ሳምንት አመካኘሁ፤ መኪናዋ ተበላሸች አልኩ፣ መንገዱ ተቆፈረ አልኩ። እሱ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን አድርጎ በር ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ከደረጀ ጋር በስልክ መከርን፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የአንድ ዘመዳችን ቁራጭ የሳር መሬት ቀርታለች፣ ደረጀ እዚያ አጫጆች ይዞ ይጠብቀን፣ እኔ ይዤው ልምጣ፣ ጨፌያችን ነው እንበለው። ዓይኑ አያይ፣ በምን ያውቃል።

እንጦጦን ወጣን። ጫፉ ላይ ስንደርስ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲቀል ሰምቶ ይሆናል ያወቀው፣ "ውኃው ተለያየ" አለ ለራሱ። ቁልቁለቱን ስንይዝ ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ "አሁንስ የት ደረስን?" ይለኛል። እኔ ደግሞ የማውቀው የዛሬውን ነው፤ ማደያው ጋ፣ የውኃ ፋብሪካው ጋ፣ ብሎኬት መሸጫው ጋ። የድሮዎቹን ስሞች ስፈልግ ያገኘኋቸው ሁለቱን ብቻ ነው። "ሙካ ቆፋ ጋ" አልኩት። ዛፏ ከተቆረጠች ስንት ጊዜዋ። ራሱን ነቀነቀ።

እንደ ክፉ ዕድሌ የእኛው ጨፌ ፊት ለፊት አሸዋ የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ኋላ ማርሽ ሲሄድ ደረስኩ። የኮንክሪት ማቡኪያው ይጮኻል፣ መዶሻ ብረት ይመታል፣ ከደቡብ የመጡ ልጆች መወጣጫው ላይ ሆነው በቋንቋቸው ይጠራራሉ። አባቴ ጆሮውን አቀና። እጁ በሩን ዳበሰ፣ የመስኮቱን ቁልፍ አገኘ፣ ተጫነው። ከእኔ በኩል ቆልፌዋለሁ።

"እምቢ አለኝ፣ ክፈቺልኝ ኢንተላ ኮ" አለ። ልጄ ማለቱ ነው።

"አቧራ ነው አባዬ። ነፋሱም..."

እጁን ከቁልፉ መለሰ። ቀጥሎ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ፣ እኔ ያለሁበትን በድምፄ ገምቶ ዘረጋልኝ።

"ዛሬም በረደሽ?" አለኝ።

አላሾፈብኝም፣ አልከፋውምም፣ በቃ ጠየቀኝ። ያን ሁሉ እሁድ በእውነት የበረደኝ መስሎት ነበር እል የነበርኩት እኔ ነኝ። መስኮቱን ከፈትኩለት።

ባርኔጣውን አወለቀ፣ ራሱን አወጣ፣ "እግዜር ያበርታችሁ! ጀባዳ!" አለ። ድምፁ አላረጀም። መዶሻው ቆመ። "አሜን አባባ! እርስዎንም ያበርታዎት!" አለ አንዱ ከላይ። "ያክብርልን አባቴ!" አለ ሌላው፣ አካፋውን ተደግፎ። አባቴ ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ነበር። "ሰሙኝ እኮ!" አለ። በዕድሜው ሁሉ ከመስኮት ላወጣው ምርቃት የመጀመሪያው መልስ ነው።

አሸዋ የጫነው መኪና መንገዱን ለቀቀ። እኔ ግን መንዳት አቃተኝ።

"የሚሠሩት ጨፌያችን ላይ ነው አይደል?" አለኝ ዝቅ ብሎ።

"አዎ አባዬ።"

"ሳሩ የሌላ መሆኑን ካሸተትኩ ቆየሁ። ያቺ አበባ የለችበትም። እንዳታፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" ጋቢውን መልሶ ለበሰ። "በይ ንጂ፣ ደረጀ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ጥሩ ደርቋል እለዋለሁ፣ አንቺም ምንም አትበይ።"

እንዳለውም አደረገ። በዘመዳችን ቁራጭ መሬት ላይ ቆሞ፣ የታጨደውን ሳር በእፍኙ አንስቶ አሸተተና ለወንድሜ "ጥሩ ደርቋል፣ የጨፌያችን ሳር እኮ ነው" አለው። ደረጀ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አባቴ አምና ክረምት አረፈ፤ እዚያው ሱሉልታ ቀበርነው። አሁን ሜዳው የለም፣ ዝዮቹም የት እንደሚያርፉ አላውቅም፣ ድርቆሹ ከማዶ ተጭኖ በተወለድኩበት ቦታ በኩል አልፎ ይመጣል። ከአውቶቡሱ ትምህርት የቀሩኝ ቡርቃ ዲማና ሙካ ቆፋ ናቸው፤ ሌሎቹን ሲነግረኝ እኔ ጋቢ ውስጥ ነበርኩ። ልጄ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ የማሳያት ማደያውን ነው።

ዛሬ ጠዋት ይሄን ሁሉ ሳስብ አይሱዙው ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ ገመዱን ጨርሰው ላባቸውን ይጠርጋሉ። መስኮቴን ዝቅ አደረግኩት፣ ሽታው ወረረኝ፣ አበባዋ የለችበትም። "እግዜር ያበርታችሁ" አልኩ። ድምፄ ከራሴ ጆሮ አላለፈም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደግሜ ልል ስል፣ ከጎኔ የቆመው የታክሲ ሾፌር ዞር ብሎ አየኝ። ስልክ የማወራ መስዬ መስኮቱን ዘጋሁት።